የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞችን ማመስገን፦ ቲሸርት ሳይታደል፣ ንግግር ሳይበዛ

በግቢያችሁ የሠራተኞች የምስጋና ቀን እንድታዘጋጁ ተነግሯችኋል እንበል። ምናልባት የተማሪዎች ኅብረት አባል ናችሁ። ምናልባት የሰው ሀብት ቢሮ ውስጥ ትሠራላችሁ። ወይ ደግሞ ስብሰባ ላይ "ለዚህ ለዚህ እሱ ጥሩ ነው" ተብሎ ሥራው የተጣለባችሁ መምህር ናችሁ። ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ በዚያ ቀን ወንበሩን የሚደረድረው፣ ቡናውን የሚያፈላው፣ ሲያልቅ አዳራሹን የሚጠርገው ማን ነው?

መልሱ "ያው የጽዳትና የካፌ ሠራተኞች ናቸዋ" ከሆነ፣ ዝግጅቱ ገና ሳይጀመር ተበላሽቷል። ሰውን አመሰግንሃለሁ ብሎ ጠርቶ ተጨማሪ ሥራ መስጠት ነው የሚሆነው። የተለመደው ፕሮግራም ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ንግግር፣ ሃምሳ ሰርተፍኬት፣ ልኩ የማይሆን ቲሸርት፣ ለስላሳና ኬክ። በማግስቱ ማንም አያስታውሰውም።

እዚህ የማሳያችሁ ሌላ መንገድ ነው። ሠራተኞቹ ቁጭ ብለው በእጃቸው አንድ ነገር የሚሠሩበት፣ የሚያውቁትን የሚያስተምሩበት፣ በስማቸው የተጻፈ ነገር ይዘው ወደ ቤት የሚሄዱበት ቀን። ብዙ ብር አይጠይቅም። ብዙ ዝግጅት ግን ይጠይቃል።

መጀመሪያ፦ ዝርዝሩን አውጡ

ወደ ሰው ሀብት ሂዱና የሠራተኛ ዝርዝር በየሥራ ክፍሉና በየፈረቃው ጠይቁ። የፈረቃው ነገር እንዳይረሳ። የሌሊት ጥበቃ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የተማሪ ካፌ ሠራተኛ ቁርስ ለማድረስ ገና ጎህ ሳይቀድ ትገባለች። ፕሮግራማችሁ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሆነ ሁለቱም አይገኙም፣ ቢገኙም እንቅልፋቸውን ሰውተው ነው።

ዝርዝሩ ሲመጣ ማን እንደጎደለ ተመልከቱ። መምህራን፣ ሬጅስትራር፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ፕሮክተሮች (የዶርም ተቆጣጣሪዎች)፣ ካፌና ላውንጅ፣ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ግቢ ውበት፣ ሹፌሮች፣ የላብራቶሪ ቴክኒሻኖች፣ ክሊኒክ። እስከዚህ ድረስ ሰው ያስታውሳል። የሚረሱት ስቶር ውስጥ ያሉት፣ የማኅደር ክፍል ሠራተኞች፣ ቧንቧና ኤሌክትሪክ የሚጠግኑት ናቸው። ከሁሉ በላይ የሚረሱት ግን በኤጀንሲ በኩል የተቀጠሩት ናቸው። ጥበቃና ጽዳት በኤጀንሲ በሚሠራበት ግቢ ስማቸው ሰው ሀብት ጋ የለም። "የእኛ ሠራተኞች አይደሉም" የሚል መልስ ይሰጣችኋል። አትቀበሉት። ተማሪው በር ላይ የሚያያቸውና ዶርሙን የሚያጸዱለት እነሱ ናቸው። የኤጀንሲውን ተቆጣጣሪ ፈልጉና ዝርዝሩን ከሱ ውሰዱ።

ሌላው ነገር የሰው ብዛት ነው። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ግቢ ብቻ የላቸውም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ብትወስዱ ስድስት ኪሎ አለ፣ አምስት ኪሎ አለ፣ አራት ኪሎ አለ፣ ጥቁር አንበሳ አለ። ባሕር ዳር ፔዳና ፖሊ፣ ጎንደር ማራኪና ቴዎድሮስ እያለ ይቀጥላል። ሁሉንም በአንድ ቀን አንድ አዳራሽ ውስጥ ልሰብስብ ካላችሁ ተመልሳችሁ ወደ ንግግርና ቲሸርት ትገባላችሁ። አንድ ግቢ ምረጡ። በአንድ ዙር ከ60 እስከ 80 ሰው ያዙ። ያንኑ ፕሮግራም ጠዋትና ከሰዓት ድገሙት፤ ፈረቃ ላሉት ደግሞ በሌላ ቀን አንድ ዙር ጨምሩ።

ቀን አመራረጥ

አሜሪካ ውስጥ የሠራተኞች የምስጋና ቀን በማርች ወር የመጀመሪያው ዓርብ ይከበራል። ይህን አይቶ እንዳለ ማምጣት የሚወድ ሰው በየኮሚቴው አይጠፋም። እኛ ጋ ግን አይሆንም። ዓርብ ጾም ነው፣ ዓርብ ጁምዓ ነው፣ ወቅቱም ብዙ ጊዜ ሁዳዴ ውስጥ ይወድቃል። በ2017ም በ2018ም የካቲት ላይ ሁዳዴና ረመዳን ተከታትለው ነው የገቡት። ግማሹ ሰው ቡና እንኳ በማይቀምስበት ሰዓት የቡና ፕሮግራም ማዘጋጀት ምን ይሉታል?

እኔ ብጠየቅ የምመርጠው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር 14 ያለውን ጊዜ ነው። ምዝገባው ጋብ ብሏል፣ የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው፣ ዝናቡም ቆሟል። ሁለተኛው ጥሩ ጊዜ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ናቸው፤ በነዚህ ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ሁለቱም ካልተመቸ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ያዙ። ሬጅስትራር ግሬድ በሚያስገባበት ሳምንት፣ በፈተና ሰሞንና በምርቃት ዋዜማ በጭራሽ አትሞክሩት።

ፕሮግራሙ በሥራ ሰዓት ይሁን። ቅዳሜ የሚጠራ የምስጋና ቀን ከሰው ዕረፍት ላይ የተቆረጠ ነው። ከፕሬዚዳንቱ ወይም ከአስተዳደር ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንቱ ቢሮ በደብዳቤ ፈቃድ ይውጣ። ደብዳቤው ላይ "ሠራተኞቹ በዚህ ሰዓት በሥራ ላይ እንዳሉ ይቆጠራል" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳይቀር። ይህ ዓረፍተ ነገር ከሌለ የቅርብ አለቃ "ሥራ ፈታችሁ" ብሎ ፊርማ ሊሰርዝ ይችላል፤ ያኔ ምስጋናው ወደ ቅጣት ተቀየረ ማለት ነው።

ሥራውን ማን ይሠራል?

ተማሪዎችና አመራሮች። ሌላ መልስ የለውም።

ወንበር መደርደር፣ ውኃ ማመላለስ፣ ቡና ማፍላት፣ ሲኒ ማጠብ፣ መጥረግ፣ ለእያንዳንዱ ስም ያለበት ሰው መድቡ። "በጋራ እናጸዳለን" የሚባለውን አትመኑት፤ በጋራ የሚባል ሥራ መጨረሻ ላይ የሚወድቀው መጥረጊያው የት እንዳለ በሚያውቀው ሰው ላይ ነው። ለ60 ሰው አሥራ ሁለት ተማሪ ይበቃል። ቡና ማፍላት የሚችሉ ሦስት ልጆች ከመካከላቸው ይኑሩ። ወንዶቹም ይሞክሩት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይጎድል ለ60 ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ቡና ይበቃል።

በር ላይና ቢሮ ላይ ተተኪ ያስፈልጋል። ዲኖችና ዳይሬክተሮች በየተራ ለሁለት ሰዓት መስኮቱ ላይ ይቀመጡ፤ አገልግሎቱ ይቀጥል። ማኅተም መምታት አይችሉም፣ መረጃ መስጠትና ስም መመዝገብ ግን ይችላሉ። የጥበቃ ሥራ ግን ለተማሪ አይሰጥም። እሱን በፈረቃ ብቻ ነው መፍታት የሚቻለው። ካፌም ላይ እንዲሁ። ተማሪ ወጥ ቤት ገብቶ እንዲያበስል አይፈቀድም፤ የጤና ምርመራ ካርድ የሚጠየቅበት ቦታ ነው። ምግብ ማደልና ትሪ መሰብሰብ ግን ይችላል።

ብርና ዕቃ

የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ለጥቅምት ፕሮግራም የግዥ ጥያቄያችሁን ነሐሴ መጨረሻ ላይ አስገቡ። ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይሰበሰባል፣ ዕቃው ስቶር ይገባል፣ ከዚያ ሞዴል 20 የሚባለውን የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ሞልታችሁ ታወጣላችሁ። ይህን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

አንድ እንቅፋት ግን ልንገራችሁ። ገበያ ውስጥ ለስፌት የሚሆን ሣር፣ ስንደዶና አክርማ የምትሸጥ እናት የሽያጭ መሣሪያ ደረሰኝ የላትም። ፋይናንስ ደግሞ ያለ ደረሰኝ አይከፍልም። ስለዚህ ብሩን ለሁለት ክፈሉት። ወረቀት፣ ቀለም፣ የፎቶ ኅትመት፣ ቡናና ስኳር በዩኒቨርሲቲው ግዥ ይሂድ። ከገበያ የሚመጣው ጥቃቅን ዕቃ በመምህራንና በተማሪዎች መዋጮ ይሸፈን። መዋጮው አንድ ሻይ ከነዳቦ ዋጋ ቢሆን እንኳ ከአምስት መቶ ተማሪ ሲሰበሰብ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ገቢና ወጪው በግልጽ ተጽፎ ይለጠፍ፤ የተማሪ መዋጮ ላይ ሐሜት ቶሎ ነው የሚነሳው።

ወርክሾፕ አንድ፦ የምስጋና ደብዳቤ

ይህን መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ነገር ብቻ የማዘጋጀት አቅም ካላችሁ ይህን አዘጋጁ።

ደብዳቤውን የሚጽፉት ተማሪዎችና ባልደረቦች ናቸው፤ ወርክሾፑም ለነሱ ነው። ከዋናው ቀን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ለምን ወርክሾፕ ያስፈልጋል? ምክንያቱም ዝም ብሎ "ጻፉ" የተባለ ተማሪ የሚጽፈው ይህንን ነው፦ "ለምትሰጡን ቀና አገልግሎት ከልብ እናመሰግናለን።" ይህ ለማንም ሊላክ ይችላል። ለባንክም ይሆናል።

ተሳታፊዎቹን በአራት ጥያቄ አስጀምሯቸው። መቼ ነበር? የት ነበራችሁ? እሳቸው ምን አደረጉ? ከዚያ እናንተ ምን ሆናችሁ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ወይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ለማሳያ ለአንድ ፕሮክተር የሚጻፍ ደብዳቤ ይህን ሊመስል ይችላል፦

"ጋሼ፣ ፍሬሽ ሆኜ የገባሁ ዕለት ሲዘንብ ነበር። ሻንጣዬ በስብሷል፣ ፍራሽም አልደረሰኝም። እርስዎ ከቢሮዎ አንድ ብርድ ልብስ አውጥተው 'እስከ ነገ ይዘኸው እደር' አሉኝ። ያን ሌሊት ወደ ቤት ልመለስ ነበር ያሰብኩት። ዘንድሮ ጂሲ (ተመራቂ) ነኝ።"

አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። "ከልብ" የሚል ቃል የለበትም፣ "ቀና" የለበትም። ግን ሰውየው ኪሱ ውስጥ የሚያስቀምጠው ይህንን ነው።

ደብዳቤዎቹን ቤተ መጻሕፍት በር ላይ በሚቀመጥ ሣጥንና በቴሌግራም ሰብስቡ። በእጅ የተጻፈ ይመረጣል፤ በቴሌግራም የመጣውንም ጽሑፉ የሚያምር ልጅ በእጁ ይገልብጠው። ከዚያ ሁለት ሰው ሁሉንም ያንብብ። ቀልድ መስሎት ሰው የሚያሳፍር የሚጽፍ አይጠፋም። ስለ ሴት ሠራተኛ መልክ የሚጽፍም አለ። እነዚህ ይወገዱ።

ዋናው ራስ ምታት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ደብዳቤው እኩል አይደርስም። በፈገግታ የሚታወቁት የላውንጅ እትዬ ሠላሳ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል፣ የስቶር ኃላፊው አንድም። ዝርዝሩን አውጥታችሁ ስም በስም ምልክት አድርጉ። ባዶ የሆኑትን ለይታችሁ ወደ ሥራ ባልደረቦቻቸው ሂዱ። የማኅደር ሠራተኛዋን ተማሪ አያውቃትም፤ ከሃያ ዓመት በፊት የተቀጠረ መምህር ግን የቅጥር ደብዳቤውን ፈልጋ ያገኘችለት እሷ መሆኗን ያውቃል። ለሁሉም ሰው ቢያንስ ሁለት ደብዳቤ ሳይሟላ ወደ ሚቀጥለው ሥራ አትሂዱ።

ማንበብ የማይችሉ ሠራተኞች ይኖራሉ። ይህን ፊት ለፊት መጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ ለሁሉም ሰው እኩል፣ ደብዳቤውን የሚሰጠው ተማሪ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ "ላንብብልዎት?" ይበል። መነጽሬን ረስቻለሁ የሚሉ ብዙ ናቸው። ቋንቋውንም አስቡበት። ጅማ ወይም ሐረማያ ከሆናችሁ አፋን ኦሮሞ፣ መቐለ ከሆናችሁ ትግርኛ። ሰው ምስጋናውን በሚቀለው ቋንቋ ይስማ።

ወርክሾፕ ሁለት፦ የፎቶ ስቱዲዮ

ብዙ የግቢ ሠራተኛ በዩኒቨርሲቲው ፎቶ ላይ አለ፤ ግን ከጀርባ፣ ወንበር ይዞ ሲያልፍ። አንድ ቀን ከፊት ይቀመጥ።

ትልቅ መስኮት ያለው ክፍል ፈልጉ። ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ ወንበሩን ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ በጎኑ አስቀምጡ። ከጀርባ ጥቁር ግራጫ ጨርቅ ወይም ንጹሕ ግድግዳ ይበቃል። የጋዜጠኝነት ወይም የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ካሏችሁ ካሜራው አይጠፋም፤ አዲስ አበባ ያላችሁ የአለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ጠይቁ። ካልሆነም ደህና ስልክ ይሠራል። ፍላሹን አጥፉ። ፍላሽ ፊትን ላብ ያስመስላል፣ የኛንም የቆዳ ቀለም ያበላሻል።

ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ ያዙ። በሰዓት አሥራ ሁለት ሰው ማለት ነው። ለ60 ሰው ሁለት ስቱዲዮ ክፈቱ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ወረፋው ላይ መስታወት፣ ማበጠሪያና ቅባት ይኑር። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ያለ መስታወት ፎቶ የሚነሳ ሰው ግን ፊቱ ላይ ስጋቱ ይታያል።

በምን ልብስ ይነሱ? ምርጫው የነሱ ነው። ዩኒፎርሙን የሚወድ አለ፣ ዩኒፎርሙን ማየት የማይፈልግም አለ። ከሳምንት በፊት ንገሯቸው፤ የሀበሻ ቀሚሷን በፌስታል ይዛ የምትመጣ ትኖራለች። የሥራ ዕቃቸውን ይዘው እንዲነሱ ከፈለጋችሁ ጠይቁ እንጂ አታዙ። ጭልፋ፣ የቁልፍ ጥቅል፣ የመኪና መሪ፣ የተማሪ ማኅደር። አንዳንዱ ፎቶ ላይ ከፊቱ ይልቅ እጁ ብዙ ይናገራል።

የመጀመሪያው ፎቶ ላይ እያንዳንዱ ሰው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይያዝ። በኋላ ስምና ፊት ማዛመድ ሲመጣ ታመሰግኑኛላችሁ። ፎቶው በቴሌግራም ቻናል ወይም በኤግዚቢሽን ላይ እንዲወጣ ይፈቅዱ እንደሆነ በዚያው ቁጥር ላይ "አዎ" ወይም "አይ" ብላችሁ መዝግቡ። "አይ" ያሉትም ኅትመታቸውን እኩል ያገኛሉ። 13 በ18 ሴንቲ ሜትር ደህና መጠን ነው። በፎቶ ወረቀት፣ ፎቶ ቤት ይታተም፤ በቢሮ ፕሪንተር ታትሞ የሚሰጥ ፎቶ ሳልሰጥህ እንዳልቀር ዓይነት ነው።

ወርክሾፕ ሦስት፦ ሠራተኛው ያስተምር

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በጣም የምከራከርለት ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲ የእውቀት ቦታ ነው እየተባለ፣ ግቢው ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች የሚያውቁትን ማንም ጠይቆ አያውቅም። ስፌት የምትሰፋ የጽዳት ሠራተኛ አለች። ጥልፍ የምትጠልፍ፣ ክራር የሚመታ፣ ንብ የሚያነብ፣ ሽመና የሚሸምን ጥበቃ አለ። ሦስት ወር ቀደም ብላችሁ እየዞራችሁ ጠይቁ። "ምን ትችላላችሁ?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ ዝም ይላሉ። "ቤት ስትገቡ በእጃችሁ ምን ትሠራላችሁ?" በሉ።

የስፌቱን ልዘርዝር። ስንደዶና አክርማ ከክረምት በኋላ ገበያ ላይ በደንብ ይገኛል፤ ጥቅምትን የመረጥኩበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። አለላውን ተቀልሞ የተዘጋጀ ግዙ። ቀለም መንከር የራሱ ቀን ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ተሳታፊ አንድ ወስፌ ያስፈልጋል። አክርማው ከአንድ ሰዓት በፊት ውኃ ይንካው፣ ካልለሰለሰ ይሰባበራል።

አንዲት አስተማሪ ከስምንት ሰው በላይ አትያዝ። የመጀመሪያው ዙር፣ እምብርቷ፣ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ስንደዶው ታጥፎ ክብ ይሠራል፣ አክርማው ይጠመጠምበታል፣ በወስፌ ተወግቶ ይጠበቃል። እዚያ ላይ የሚያለቅስ ፕሮፌሰር ታያላችሁ። ስለዚህ አስተማሪዋ እምብርቶቹን ቤቷ ጀምራ ብታመጣላችሁ ይሻላል፤ ለዚህም ይከፈላት። በሁለት ሰዓት አንድ ጀማሪ ከሲኒ ሥር የምትቀመጥ ትንሽ ክብ ይሠራል። ሰፌድ ወይም ሞሰብ አትመኙ።

አሁን ስለ ክፍያው። አንድ መምህር ከሥራ ሰዓቱ ውጭ ሥልጠና ሲሰጥ የአሠልጣኝ ክፍያ ይጠይቃል፣ ይከፈለዋልም። ስፌት ያስተማረችው ሴትዮ ሻይ ቢጤ ተሰጥቷት አትሸኝ። የአሠልጣኝ ክፍያ ይከፈላት፣ በአሠልጣኝነቷም ደብዳቤ ይጻፍላትና ማኅደሯ ውስጥ ይግባ። ፋይናንስ "የትምህርት ማስረጃ አቅርቢ" ሊል ይችላል። ይህን ክርክር ቀድማችሁ ጨርሱት፣ በዕለቱ እሷ ፊት አይነሳ።

ደረት ላይ በሚለጠፈው ስም ላይ "ዶ/ር"፣ "ፕሮፌሰር"፣ "ዳይሬክተር" አይጻፍ። ስም ብቻ። ዲኑ አክርማ ሲያበላሽ "እንደዚህ አይደለም፣ ፍታው" የምትለው ማን መሆኗ ግልጽ ይሁን።

ሸክላ ሥራ የሚጠይቅ ኮሚቴ አለ። ይደርቃል፣ ይተኮሳል፣ ይሰነጠቃል፤ የሥነ ጥበብ ትምህርት ክፍልና ምድጃ ከሌላችሁ ይቅርባችሁ።

ወርክሾፕ አራት፦ ግጥም በሥራ ክፍል

የሥነ ጽሑፍ ወይም የቴአትር ተማሪ ካለ አንድ ሰዓት ይበቃል። ከአንድ ክፍል የመጡት ባንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። እያንዳንዱ ክፍል ስለ ሥራው ሁለት መስመር ብቻ ይግጠም። ዜማው ሆያ ሆዬ ይሁን፣ ተቀባዩን ሁሉም ያውቀዋል። ለማስጀመር አንድ ሁለት ምሳሌ ያስፈልጋል። ስለ ጥበቃ፦

ሌሊቱን በሙሉ ከበሩ የቆመ፣
እሱ ነቅቶ ያድራል ግቢው እያለመ።

ይህ ምስጋና ነው። ግን ምስጋና ብቻ እንዲሆን አታስገድዱ። ከጽዳት ጠረጴዛ እንዲህ ያለ ቢመጣስ?

ሞዴል ሃያ ሞልቼ ስቶር ብመላለስ፣
ጫማዬ አለቀ መጥረጊያው ሳይደርስ።

አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። የስቶር ሰዎች ደግሞ መልሱን ይገጥማሉ። ፕሬዚዳንቱ የሚገኙ ከሆነ ቅሬታ በግጥም ሊወጣ እንደሚችል ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ተከፍተው እንዳይወጡ። አንድ ተማሪ ግጥሞቹን ሁሉ ይመዝግብ። መጥረጊያ የሚለው ቃል አምስት ጊዜ ከመጣ የመጥረጊያ ችግር አለ ማለት ነው፤ ይህን ለአስተዳደር ማቅረብ የኮሚቴው ሥራ ነው።

አጫጭሮቹ

የሙዚየም ጉብኝት። ስድስት ኪሎ ግቢ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። በየቀኑ በደጁ የሚያልፍ ሠራተኛ አስጎብኚ ይዞ፣ ልጆቹንም አስከትሎ ቢገባ ጥሩ ነው። ጎንደር ፋሲል ግቢ ቅርብ ነው። ባሕር ዳርም ጣና አለ።

ምሳ ላይ መገልበጥ። ዲኖችና ተማሪዎች ለካፌ ሠራተኞች ያድሉ። ሁለት ዙር አድርጉት። ንግግር አይደረግ፣ ሰው እየበላ ነው።

የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ። የሕክምና ተማሪ ባለበት ግቢ ሁሉ ይህን ሐሳብ የሚያመጣ አለ። ደግ ነገር ነው፤ ግን በሌላ ቀን ይሁን። ሰው ደስ ብሎት መጥቶ ግፊትህ ከፍ ብሏል ተብሎ አይመለስ።

ችግኝ ተከላ። እባካችሁ። ጉድጓዱን የሚቆፍሩት የግቢ ውበት ሠራተኞች ናቸው፣ ፎቶ የሚነሳው ሌላ ነው።

የዕለቱ አካሄድ

ሦስት ሰዓት ላይ በር ይከፈት። ተማሪዎቹ ሰውን በስሙ ይቀበሉ፤ በዕድሜ ለሚበልጡት "ጋሼ" እና "እትዬ" ሳይረሳ። መክፈቻ ንግግር ከሦስት ደቂቃ አይለፍ። ይህን ለተናጋሪው በጽሑፍ ስጡት፣ ከፊቱም ሰዓት የያዘ ሰው አስቀምጡ። ከዚያ ሰው በሦስት ቡድን ይከፈል፦ ፎቶ፣ ስፌት፣ ግጥም። የፎቶው ወረፋ ረዘም ስለሚል ተራው የደረሰ ሰው በቁጥሩ ከሌሎቹ ቡድኖች እየተጠራ ይሂድ፣ ተመልሶም ሥራውን ይቀጥል። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ወደ ቡና ይመለስ። ግጥሙ እዚያ ይዘፈን። ደብዳቤዎቹ በመጨረሻ ይሰጡ፣ ከሁለተኛው ቡና ጋር። መድረክ ላይ ስም እየተጠራ አይደለም፤ ተማሪው ወደ ሰውየው ይሄዳል እንጂ ሰውየው ወደ መድረክ አይሄድም። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሠራተኞቹ ይውጡ። ተማሪዎቹ ይጠርጉ።

መጥረጊያ ላነሳ የለመደ እጅ ይኖራል። "እኔ ልያዘው፣ እናንተ አትችሉበትም" ይላሉ። በቀልድ መልሱላቸው፣ ግን መጥረጊያውን አትስጡ።

ከቀኑ በኋላ

ፎቶዎቹ ከሁለት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ታትመው ይድረሱ። በፖስታ፣ ስም ተጽፎበት፣ በእጅ። ለክፍል ኃላፊ አስረክቦ መሄድ አይሠራም፣ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የሌሊት ጥበቃ ከሆነ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ድረስ ሂዱ። ዝርዝሩ ላይ የደረሰለትን ሰው ስም ምልክት እያደረጋችሁ ውረዱ።

የታመመ፣ ወሊድ ላይ ያለች፣ ዓመት ፈቃድ የወጣ ሰው ይኖራል። የነሱ ደብዳቤ በኮሚቴው ጸሐፊ እጅ ይቆይና ሲመለሱ ይሰጣቸው። በዚያ ዓመት ጡረታ የሚወጡትን ደግሞ ከሰው ሀብት ጠይቃችሁ ለዩ። ለነሱ ፎቶው በፍሬም ይሁን፣ ደብዳቤያቸውም ከሁለት ይብለጥ።

የተረፈ ቀለም፣ ወረቀትና ወስፌ ለስቶር ተመላሽ ይደረግ፣ የመዋጮው ሒሳብ ይለጠፍ። ከግጥሙ የወጣው የቅሬታ ዝርዝር ለአስተዳደር ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት ቢሮ በደብዳቤ ይግባ፤ ቁጥርና ቀን ይኑረው። ከአንድ ወር በኋላ ኮሚቴው ሄዶ መጥረጊያው መግባት አለመግባቱን ይጠይቅ።